የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ መቀየርና መሰየም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሮጌ የመሻገሪያ ድልድይ ለመቀየር የተነሱ ነዋሪዎችና ኮሚቴዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ድልድያችን አርጅቷል። መጠገን ይበቃዋል ወይስ መቀየር አለበት?

መልሱ የሚገኘው ከወለሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ነው። የተሰነጠቀ ጣውላ፣ የላላ መደገፊያ፣ የተላጠ ቀለም ጥገና ይበቃቸዋል። ወለሉን የተሸከሙት ዋና ግንዶች ወይም ብረቶች፣ ወይም እነሱ የሚያርፉበት የዳር ግንብ ከተጎዳ ግን ላዩን ማደስ ገንዘብ መጣል ነው።

የእንጨት ድልድይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ከጫፎቹ ነው። ግንዱ ከግንቡ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አፈርና ቅጠል ይጠራቀማል፤ እርጥበት ይይዛል፤ አየር አያገኝም። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም፤ እዚያ ጥግ ላይ ያለው ግን ደርቆ አያውቅም። ወስፌ ወይም ካቻቢቴ ይዛችሁ ውጉት። ጤነኛ እንጨት ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አያስገባም፤ የበሰበሰው ያለ ጉልበት ያስገባል። በመዶሻ ቆርቁሩት፤ ውስጡ ያለቀ ግንድ የባዶ ዕቃ ድምፅ ይሰጣል። ይህንን ፈተና ዝለሉት የሚል ሰው ካለ አትስሙት፤ ላዩ አምሮ ውስጡ ዱቄት የሆነ ግንድ በዓይን አይለይም።

በብረት ድልድይ ላይ ደግሞ ዝገቱ ብዙ ስለሆነ ብቻ አትደንግጡ። ዝገት ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ጉዳቱን አግዝፎ ያሳያል። ንጹሕ ብረት እስኪታይ ጠርጋችሁ የቀረውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ። ከመጀመሪያው ውፍረት አንድ አሥረኛው ከጠፋ መሐንዲስ አቅሙን እንደገና ያስላው። ብየዳው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ስሌት አትጠብቁ፤ መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ መሻገሪያውን ዝጉ።

ትልቅ ጎርፍ አልፎ ድልድዩ ቆሞ ከተገኘ፣ ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። ውሃ በድልድዩ ሥር ጠብቦ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን የግንቡን መሠረት ሥር እየቆፈረ ይወስዳል። ጎርፉ ሲጎድል ደግሞ የተቆፈረው ጉድጓድ በለስላሳ ደለል ተመልሶ ይሞላል። ከላይ ሲታይ መሬቱ እንደነበረ ነው፤ መሠረቱ ግን ያረፈው በጭቃ ላይ ነው። የሚቀጥለው ጎርፍ ያንን ደለል በደቂቃዎች ውስጥ ጠራርጎ ይወስደዋል።

ውሃው ሲጎድል በመሠረቱ ዙሪያ ቀጭን የብረት ዘንግ እየወጋችሁ ፈትሹ። ዘንጉ በአንድ በኩል ጠጠር ነክቶ የሚቆም፣ በሌላ በኩል ያለ ጉልበት የሚሰምጥ ከሆነ እዚያ ተቆፍሮ ነበር። ግንቡ ዘሞ እንደሆነ በቱንቢ፣ ወለሉ ወደ አንድ በኩል ወርዶ እንደሆነ በውሃ ልክ አረጋግጡ።

መቀየር እንዳለበት ወሰንን። ሥራው ከየት ይጀምራል?

ከባለቤትነት። ድልድዩ የማን ንብረት ነው? ሁለቱ ዳርቻዎች የማን መሬት ናቸው? አዲሱ ከተሠራ በኋላ በየዓመቱ የሚፈትሸውና የሚጠግነውስ ማን ነው? የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ በጽሑፍ ሳይሰፍር ገንዘብ ማሰባሰብ የጀመረ ኮሚቴ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል።

ቀጥሎ ልኬት ነው፦ የወንዙ ስፋት፣ የዳርቻዎቹ ከፍታ፣ የጎርፍ ምልክት፣ በአሮጌው ድልድይ ላይ የተንጠለጠሉ የውሃ ቱቦዎችና የኤሌክትሪክ ወይም የስልክ መስመሮች። ቱቦዎቹ ይረሳሉ፤ ድልድዩ ሊነሳ ክሬን ቆሞ ሳለ ነው ትዝ የሚሉት። ከዚያ የአፈር ምርመራ፣ ከዚያ የመሐንዲስ ንድፍ፣ ከዚያ የወንዙና የግንባታው ፈቃድ። የአፈር ምርመራው ከንድፉ መቅደም አለበት፤ ምን ያህል ጥልቅ መሠረት እንደሚያስፈልግ ሳይታወቅ የሚወጣ የወጪ ግምት የሚታመን አይደለም።

ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?

ለእግረኛ ብቻ ከሆነ በመደገፊያዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ያስኬዳል። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ያለ ችግር እንዲተላለፉ 1.8 ሜትር ያስፈልጋል። እግረኛና ብስክሌተኛ አብረው የሚጠቀሙበት ከሆነ 3 ሜትር አስቡ፤ ብዙ ሰው የሚበዛበት ከሆነ 4። ብስክሌተኛ መደገፊያውን ታክኮ አይነዳም፤ መሪው እንዳይነካበት በየጎኑ ግማሽ ሜትር ያህል ይሸሻል። 2 ሜትር ብላችሁ የሠራችሁት ድልድይ ለብስክሌተኛው 1 ሜትር የሆነው ለዚህ ነው።

ሰው ብቻ ለሚሻገርበት ያን ያህል ብርቱ ድልድይ ለምን ያስፈልጋል?

ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የእግረኛ ድልድይ የሚታሰበው አልፎ አልፎ ለሚሻገር ሰው ሳይሆን ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ለሚቆምበት ቀን ነው፦ ለምረቃው፣ ለሠርጉ፣ የሞላ ወንዝ ለማየት ሰው ለሚሰበሰብበት ቀን። የአውሮፓ መለኪያ ለእንዲህ ያለ ግፊያ በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ኒውተን ይወስዳል፤ ይህም ወደ 500 ኪሎ ግራም ነው። 20 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ያለው ድልድይ 60 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ ከራሱ ክብደት ሌላ 30 ቶን ገደማ እንዲሸከም ይሠራል።

መደገፊያውም በዚሁ ልክ ነው። የተሰበሰበ ሰው ወደ አንድ ጎን ተደግፎ ያያል፤ ቋሚዎቹ ከወለል ጣውላ ጋር ብቻ በምስማር የተመቱ ከሆኑ ከነጣውላው ተነቅለው ይሄዳሉ። ከዋናው ተሸካሚ ጋር በብሎን ይታሰሩ።

እንጨት፣ ብረት ወይስ ኮንክሪት?

ርዝመቱ ይወስናል። እስከ 10 ሜትር ገደማ እንዳይበሰብስ የታከመ እንጨት ጥሩ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ሜትር የብረት ተሸካሚ ከእንጨት ወለል ጋር፤ ከዚያ በላይ በሦስት ማዕዘን የተቀናበረ የብረት ፍሬም፤ መሃል ላይ ምሰሶ ማቆም የማይቻልበት ሰፊ ገደል ከሆነ ደግሞ በኬብል የሚንጠለጠል። ኮንክሪት ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግን ይከብዳል፤ የከበደ ድልድይ ደግሞ ትልቅ መሠረት ይፈልጋል። ከባድ መሣሪያ ሊገባበት በማይችል ቦታ በሰው ሸክም ሊጓጓዙ የሚችሉ ክፍሎች ያሉትን ምረጡ።

ብረቱ ቀለም ብቻ ሳይሆን ቀልጦ በተዘጋጀ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ቢሆን እንመርጣለን፤ ቀለም ከመዶሻ አንድ ምት ይላጣል፤ ዚንክ ግን የተጫረውን ቦታ ሳይቀር ለጥቂት ዓመታት ይጠብቃል። ከተነከረ በኋላ መብሳትና መበየድ ይህን ጥበቃ ስለሚያበላሽ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ቀድመው ይበሱ። ሌላው ወጥመድ በመዳብ የታከመ እንጨት ነው፤ ተራ ምስማርና ብሎን ይበላል። ለእሱ በወፍራሙ ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት ብሎን ተጠቀሙ፤ ከሥሩ ሰፋ ያለ ሮንዴላ አድርጉ።

ከውሃው ምን ያህል ከፍ ይበል?

ሽማግሌዎች “ውሃው እዚህ ደርሶ ያውቃል” የሚሉትን ምልክት ለኩ፤ መነሻ ይሆናል እንጂ መድረሻ አይደለም። መሐንዲሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው የመቶ ዓመት ጎርፍ የሚባለውን ነው። ስሙ ያሳስታል፤ በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት ሳይሆን በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የማጋጠሙ ዕድል 26 በመቶ ይደርሳል።

የተሸካሚው የታችኛው ጠርዝ ከዚያ ጎርፍ ከፍታ ቢያንስ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይብለጥ። ክፍተቱ ለውሃው ሳይሆን ውሃው ተሸክሞ ለሚያመጣው ግንድና ቅርንጫፍ ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ ከተሸካሚው ጋር ሲጋጭ የሚከተለው ፍርስራሽ እዚያው ይከመራል፤ ድልድዩ ግድብ ይሆናል፤ ግድብ ሆኖ ግን አልተሠራም።

አሮጌው የዳር ግንብ ጠንካራ ይመስላል። አዲሱን ድልድይ እሱ ላይ ማሳረፍ አይቻልም?

ይቻላል፤ ብዙ ወጪም ያድናል። ግን አዲሱ ድልድይ ሰፋ ብሎና ከብዶ ይመጣል፤ ግንቡ ደግሞ ለቀላሉ ነበር የተሠራው። መሠረቱ በምን ላይ እንዳረፈ በአንድ በኩል ቆፍራችሁ ካላያችሁ በስተቀር “ጠንካራ ይመስላል” ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው መንገድ አዲሱን ድልድይ ረዘም አድርጎ ከአሮጌው ግንብ ኋላ፣ ከወንዙ ራቅ ባለ አዲስ መሠረት ላይ ማሳረፍ ነው። አሮጌው ግንብ እዚያው ቀርቶ ዳርቻውን ከመሸርሸር ይጠብቃል።

ገንዘብ ከጎደለ ከመብራቱ፣ ከጌጡ፣ ከቀለሙ ቀንሱ። ከዳር ግንቡ አንድ ሳንቲም አትቀንሱ። ወለል በማንኛውም ቅዳሜ ይቀየራል፤ የሰመጠ መሠረት ግን ድልድዩን ከነነፍሱ ይዞት ይሄዳል። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ሆኖ ይጠበቅ፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ለምረቃ ቀን ተብሎ ከዚያ በፊት ተሸካሚ የሚጫንበት ግንብ ጥግ ጥጉ ይፈረከሳል።

አንድ ጫፍ ብቻ አጥብቃችሁ እሰሩ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፦ 30 ሜትር ተሸካሚ በ40 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ከ14 ሚሊ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም ጫፎች ከታሰሩ ያ ግፊት ብሎኑን ይቆርጣል ወይም ግንቡን ይሰነጥቃል። ሌላኛው ጫፍ ሞላላ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ላይ ይንሸራተት።

ብስክሌተኞች ድልድዩ ላይ ለምን ይወድቃሉ?

በሦስት ምክንያት፦ በጣውላው አቅጣጫ፣ በእርጥበትና በመግቢያው። በጉዞው አቅጣጫ በርዝመት የተነጠፈ ጣውላ ክፍተቱ ጎማ ይይዛል። ጣውላው አግድም ይነጠፍ፤ ክፍተቱም ውሃ ለማሳለፍ ብቻ ነውና ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙ አይለፍ፤ ምርኩዝና የተሽከርካሪ ወንበር የፊት ጎማም አሉ። እርጥብ እንጨት አረንጓዴ ሽበት ሲያበቅል እንደ በረዶ ያንሸራትታል፤ አሸዋ በማጣበቂያ የተለጠፈበት ንጣፍ ቢገጠም በጣም ይረዳል፤ በየዓመቱ በጠንካራ ብሩሽ መታጠብም አለበት።

መግቢያው ላይ ድልድዩና መንገዱ በሚገናኙበት ቦታ የተሞላው አፈር ይሰምጥና ደረጃ ይፈጠራል። አፈሩ ሲሞላ በ15 ወይም በ20 ሳንቲ ሜትር ድርብርብ እየተጠቀጠቀ ካልሆነ አንድ ክረምት ሳያልፍ ይሰምጣል። ቁልቁለት ወርዶ ድልድዩ ላይ በሹል የሚታጠፍ መንገድም አታድርጉ፤ ከመግቢያው በፊት ጥቂት ሜትሮች ቀጥ ያለ መንገድ ይኑር።

መደገፊያውና አቀበቱ ምን ልክ ይኑራቸው?

ለእግረኛ 1.1 ሜትር፣ ብስክሌት ለሚያልፍበት ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር። ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው የክብደቱ መሃል ከፍ ስለሚል አጭር መደገፊያ ላይ ከተጋጨ ተገልብጦ ይሻገረዋል። ክፍተቶቹ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጡ፤ የሕፃን ጭንቅላት እንዳያልፍ ነው። ዘንጎቹ ቋሚ ይሁኑ፤ አግድም ከሆኑ ለልጅ መሰላል ናቸው።

አቀበቱ ከ1 ለ20 ባይበልጥ ይመረጣል፤ 1 ሜትር ለመውጣት 20 ሜትር መንገድ ማለት ነው። ቦታ ከጠበበ 1 ለ12 የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ያኔ በየ75 ሳንቲ ሜትር ከፍታው 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ደልዳላ ማረፊያ ያስፈልጋል።

መኪናና ከባድ ጭነት እንዳይገባበት እንዴት እንከልክል?

መሃል ላይ አንድ ቋሚ ምሰሶ፣ በሁለቱም በኩል 1.5 ሜትር ክፍተት ትቶ። ሁለት ምሰሶ አታቁሙ፤ የመሃሉ መንገድ ለማን እንደሆነ ግራ ያጋባና ከሁለት አቅጣጫ የመጡ ብስክሌተኞች እዚያው ይጋጠማሉ። ከድልድዩ አፍ ጥቂት ሜትሮች ይራቅ፤ በጨለማ የሚያበራ ቀለም ይቀባ። ለጥገናና ለአምቡላንስ ሲባል በቁልፍ የሚነቀል ይሁን፤ ቁልፉ የት እንዳለ ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ ይወቅ።

ድልድዩ ስንሄድበት ይወዛወዛል። አደገኛ ነው?

ሰው በሰከንድ ሁለት እርምጃ ያህል ይራመዳል። የድልድዩ የራሱ የመርገብገብ ፍጥነት ከዚህ ጋር ከተቀራረበ እያንዳንዱ እርምጃ በፊተኛው ላይ እየጨመረ ይሄዳል። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ደግሞ በግራና በቀኝ እግር ስለሚፈራረቅ በሰከንድ አንዴ ነው። የአውሮፓ መለኪያ ወደ ላይና ወደ ታች ከ5 ኸርዝ (በሰከንድ አምስት ጊዜ) በታች፣ ወደ ጎን ከ2.5 ኸርዝ በታች የሚርገበገብን ድልድይ በተለይ እንዲመረመር የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

የለንደኑ ሚሌኒየም ድልድይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 2000 ተከፍቶ ከሁለት ቀን በኋላ የተዘጋው ወደ ጎን በመወዛወዙ ነበር። ሰው ሲወዛወዝበት ሚዛኑን ለመጠበቅ ሳያስበው እርምጃውን ከድልድዩ ጋር ያስማማል፤ ያ ደግሞ መወዛወዙን ያብሳል። 37 ፈሳሽ ያለባቸውና 52 በክብደት የሚሠሩ መርገብገብ ማብረጃዎች ተገጥመውለት እ.ኤ.አ. በ2002 እንደገና ተከፈተ።

አጭር የመንደር ድልድይ ላይ ትንሽ መርገብገብ ብቻውን የመፍረስ ምልክት አይደለም። ድሮ ያልነበረ መወዛወዝ ከጀመረ ግን የላላ ብሎን፣ የተቆረጠ አግዳሚ ወይም የሰመጠ ጫፍ አለ ማለት ነው፤ ፈልጉት። ልጆች አብረው እየዘለሉ የሚፈትኑትን ድልድይ መሐንዲሱም ቀድሞ እንዲሁ ይፈትነው።

ስሙን የሚያወጣው ማን ነው? መቼስ?

የድልድዩ ባለቤት የሆነው ወገን ስሙንም ያጸድቃል፤ ነዋሪው ሐሳብ ያቀርባል። ይህ ልዩነት ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገር። ጊዜው ንድፉ ከጸደቀ በኋላ፣ ሰሌዳው ከመታዘዙ በፊት ነው። በምረቃው ሳምንት የሚጀመር የስም ውይይት ጠብ ሆኖ ይቀራል።

አሮጌው ድልድይ ሰው የሚጠራው ስም ካለው ያንን ለማንሳት ጥሩ ምክንያት ይኑራችሁ። አዲስ ብረት ቢሆንም መሻገሪያው ያው ነው፤ ሰው “እዚያ እንገናኝ” የሚለው በዚያ ስም ነው። በአካባቢው ሌላ ድልድይ በተመሳሳይ ወይም በሚቀራረብ ስም እንደማይጠራ አረጋግጡ፤ አምቡላንስ ወደተሳሳተው ሲሄድ ነው ጉዳቱ የሚታወቀው።

ሕዝቡ በኢንተርኔት ድምፅ ይስጥበት?

ይስጥ፤ ግን ከተጣሩ ስሞች መካከል ይምረጥ። ክፍት የስም ጥቆማና የድምፅ መስጫ አንድ ላይ ከሆኑ ድልድዩን አይቶት የማያውቅ ሰው ይወስናል። ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ2006 በዳኑብ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ድልድይ ስም በኢንተርኔት ስታወዳድር አሜሪካዊው ተዋናይ ቻክ ኖሪስና የቴሌቪዥን አቅራቢው ስቲቨን ኮልበርት ከፊት ተሰለፉ፤ በመጨረሻ ድልድዩ በአካባቢው ስም ሜጄሪ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ስሎቫኪያንና ኦስትሪያን በሞራቫ ወንዝ ላይ በሚያገናኘው የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ስም ቻክ ኖሪስ ብዙ ድምፅ አገኘ። የአካባቢው ምክር ቤት ግን በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ያንን ድንበር ሊሻገሩ ሲሉ የሞቱትን በማሰብ የነፃነት የብስክሌት ድልድይ ብሎ ሰየመው።

እኛ የምንመክረው ይህ ነው፦ ለአንድ ወር ጥቆማ ተቀበሉ፤ እያንዳንዱ ጥቆማ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ምክንያቱ ይጻፍበት። ኮሚቴው አስቀድሞ ባወጣው መስፈርት ከሦስት እስከ አምስት ስም ያጣራል። ከዚያ በሁለቱም ዳርቻ ያሉ ነዋሪዎች ድምፅ ይሰጣሉ። አንዱ ዳርቻ ሕዝቡ ከበዛ ሌላኛው ሁልጊዜ ይሸነፋልና የሁለቱን ውጤት ለየብቻ ቁጠሩት። ኮሚቴው ያለ ሕዝብ ድምፅ የመቀየር መብት ካለው ይህም ከድምፁ በፊት ይነገር፤ በኋላ ከተነገረ ማታለል ነው።

በሰው ስም፣ ወይም ገንዘብ በሰጠን ለጋሽ ስም ብንጠራውስ?

በሕይወት ባለ ሰው ስም አትጥሩት። የሰው ታሪክ አላለቀም፤ ስም መንቀል ደግሞ ከማውጣት ይከብዳል። ለሟች መታሰቢያ ከሆነ የቤተሰቡን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የስሙንም አጻጻፍ እነሱ ያረጋግጡ። በድልድዩ አካባቢ በደረሰ አደጋ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ከሆነ ቤተሰቡ ያንን ስም በየቀኑ እዚያ ማየት ይፈልግ እንደሆነ ቀድማችሁ፣ በእርጋታ ጠይቁ። አንዳንዱ ይጽናናበታል፤ አንዳንዱ ያንን መንገድ ትቶ ይሄዳል።

ለጋሽን በተመለከተ ምስጋናው በሰሌዳው ላይ በትንሽ ፊደል ይስፈር፤ ስሙ ግን የድልድዩ ስም አይሁን። የግድ ከሆነ የዓመቱ ቁጥር ያለው ውል ይኑር፤ ዘመኑ ሲያልቅ ስሙ ምን እንደሚሆንም ውሉ ይናገር።

ሰሌዳው ላይ ምን ይጻፍ? የት ይሰቀል?

ስሙ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የመለያ ቁጥሩ፣ ጉዳት ያየ ሰው የሚደውልበት ቦታ። የኮሚቴው አባላት ዝርዝር ለምረቃው መጽሔት ይሁን። ሰሌዳውን ለመስቀል ዋናውን ተሸካሚ አትብሱ፤ ቀዳዳው ብረቱን ያደክማል፤ ዚንኩንም ይገልጣል። የመግቢያው ግንብ ላይ ወይም ለብቻው በቆመ ምሰሶ ላይ፣ በሁለቱም ዳርቻ ይሁን። የነሐስ ሰሌዳ ይሰረቃል፤ ፊደሉ የተቀረጸበት ድንጋይ ለሌባ አይጠቅምም።

ስሙ ከጸደቀ በኋላ ሰው በድሮ ስሙ ወይም በቅጽል ስም መጥራቱን ቢቀጥልስ?

መጀመሪያ የጸደቀው ስም ሰው ዘንድ መድረሱን አረጋግጡ፦ በኦፕን ስትሪት ማፕና በሌሎች ካርታዎች፣ በአምቡላንስና በእሳት አደጋ ሠራተኞች መዝገብ፣ በአቅጣጫ ጠቋሚ ሰሌዳዎች። ካርታው ላይ ሲቀየር የድሮው ስም እንዳይጠፋ በአማራጭ ስምነት ይመዝገብ፤ ለዓመታት በእሱ የሚፈልግ ሰው አለ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕዝቡ በሌላ ስም ከጠራው አትታገሉት። የፓሪሱ የሶልፌሪኖ የእግረኛ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1999 ከተከፈተ በኋላ፣ ሴኔጋላዊው ገጣሚና ፕሬዚዳንት ሌዎፖልድ ሴዳር ሴንጎር የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ በ2006 በእሱ ስም ተሰይሟል፤ ከተሠራ በኋላም ስም ይለወጣል ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሰው ሁሉ በቅጽል ስሙ የሚጠራው ከሆነ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጨምሩለት፤ የጸደቀውንም አትፋቁት።